ዘጠና አንድ ኪሎ ሜትር

ዘጠኝ ዓመቴ ሳለ አባቴ በፈረንሳይ አገር፣ መኪና በማይገባበት የወንዝ ዳር መንገድ ላይ፣ ወራት ሙሉ ብስክሌት ሲነዳ ከርሟል። አባቴ ፈረንሳይን ረግጦ አያውቅም። የመጀመሪያውን ለመላው ሰፈራችን፣ ለጆሃንስበርጉ ሜይፌር፣ ያወራሁት እኔ ነኝ፤ ሁለተኛውን ለማመን ዓመታት ፈጅቶብኛል።

ነገሩ የተጀመረው በኮሮናው ሎክዳውን ዋዜማ ነው። አባቴ አሳምነው ከከተማው ወጣ ብሎ ቮስሎሩስ ውስጥ ሱቅ ነበረው። በዚያ መጋቢት ሸሪኩ ተማም ሌላ ከተማ አዲስ ሱቅ ተከራይቶ ነበርና እሱን ሊያይ «ለሦስት ቀን» ብሎ ሄደ። በሦስተኛው ቀን አገሩ ተዘጋ። ከአንዱ ክፍለ ሀገር ወደ ሌላው መሻገር ተከለከለ፤ አባቴም በሄደበት ቀረ። እናቴ የአለምወርቅ በስልክ ስታወራ ሰማኋት።

«ፓሪስ ነው ያለው። ደህና ነው። መንገድ እስኪከፈት እዚያው ፓሪስ ይቆያል።»

ዛሬ ካርታ ቢሰጡኝ ጣቴን አሳርፌ ላሳይ እችላለሁ። ከጆሃንስበርግ መቶ ሃያ ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ፣ ቫል ወንዝ ዳር፣ ፓሪስ የምትባል ትንሽ ከተማ አለች። አጻጻፏ በአንድ ፊደል ይለያል። በእኔ የሦስተኛ ክፍል መጽሐፍ ውስጥ ግን ፓሪስ አንድ ብቻ ነበረች።

ማስረጃም ነበረኝ። ከአልጋችን በላይ፣ የግድግዳውን ስንጥቅ ለመሸፈን የተሰቀለ፣ ዘመኑ ያለፈበት የቲኬት ቢሮ ካላንደር ነበር። ሥዕሉ ላይ ሰፊ ወንዝ አለ። ከወንዙ ጎን ጠባብ መንገድ፣ በመንገዱ ግራና ቀኝ ቀጥ ያሉ ረጃጅም ዛፎች፣ ከማዶ እንደ ኬክ የተሠራ ቤተ መንግሥት። አንዲት ሴትና አንድ ሰውዬ ብስክሌት እየነዱ ነው። ሴትዮዋ ሄልሜት አጥልቃ፣ ትልቅ መነጽር አድርጋ፣ ደረቷ መሪውን እስኪነካ አጎንብሳ ከፊት ትሄዳለች። ሰውዬው ቀና ብሎ ተቀምጦ ዛፎቹን እያየ ከኋላ ይከተላል። ሁልጊዜ ሊደርስባት ትንሽ እንደቀረው ነው። በመላው ሥዕል ውስጥ አንድም መኪና የለም፤ ፈልጌ አላገኘሁም።

ከሥር የተጻፈውን ያነበበችልኝ ዛሂራ ናት። ዛሂራ የእትዬ ባህሪያ ልጅ ነች። እትዬ ባህሪያ ዋናውን ቤት ይዘው እኛን ከጓሮ ያለውን ክፍል ያከራዩን ሴት ናቸው። ዛሂራ በአንድ ዓመት ስለምትበልጠኝ የማታውቀው ነገር አልነበረም።

«ሎየር ይላል» አለችኝ።

«ሎየር ምንድን ነው?»

«ጠበቃ ነዋ። አባዬ ለመኖሪያ ፐርሚት የሚሄደው እሱ ጋ ነው።»

«ወንዙ ጠበቃ አለው?»

«ፈረንሳይ ሁሉም ነገር ጠበቃ አለው» አለች፣ እንደሚያውቅ ሰው።

ሎዋር ነበር። ሎዋር መሆኑን ያወቅኩት ዩኒቨርሲቲ ገብቼ ነው፤ ያን ጊዜም የመጀመሪያ ስሜቴ ወንዙን የቀሙኝ ያህል ነበር።

ሚያዝያ ላይ አባቴ በቪዲዮ ደወለ። ፊቱን ፀሐይ መትቶት፣ ከንፈሩ ደርቆ፣ ይስቃል።

«አባዬ፣ ምን እየሠራህ ነው?»

«ብስክሌት እየነዳሁ ነው ረድዬ።»

ይህ እውነት ነበር። አንድ ጡረታ የወጣ የሰፈሩ ሰው አሮጌ ብስክሌቱን አውሶት፣ ከቤት መውጣት ለማይችሉ ሽማግሌዎች ዳቦና ወተት ያደርስ ነበር። ስልኩን አዞረልኝ። ወንዝ አየሁ። ውሃው ላይ የተንጠለጠሉ ዛፎች አየሁ። ባዶ መንገድ አየሁ።

«መኪና የለም እንዴ?»

«አንድም የለም። ውሃው ሲሄድ ይሰማሻል?»

«ሰውስ?»

«ዳክዬ አለ።»

«ዳክዬው ፈረንሳይኛ ይናገራል?»

አባቴ እስኪያስለው ሳቀ። «ትንሽ ትንሽ ይሞክራል» አለኝ።

ቀልዴን የመለሰልኝ መስሎት ነበር። እኔ ግን አልቀለድኩም። ስልኩ እንደተዘጋ ሮጬ ለዛሂራ ነገርኳት፤ ዛሂራ ለእናቷ ነገረች። ግንቦት ላይ ዳቦ ቤት ሰልፍ ስንቆም፣ ሁለት ሜትር ርቀው የቆሙ ሴቶች ማስካቸውን ዝቅ አድርገው እናቴን በአዘኔታ ያዩዋት ጀመር። እናቴ ምክንያቱን አላወቀችም። እኔ የመሰለኝ ቀንተው ነው።

ሐምሌ ገባ። የጆሃንስበርግ ብርድ ደረቅ ነው፤ ከሲሚንቶው ወለል ተነስቶ በካልሲ ውስጥ ይገባል። አባቴ በቪዲዮ መደወል አቆመ። አንድ ቀን በድምፅ ብቻ ደወለ፤ «ረድዬ» ብሎ ትንፋሽ ሳበ፤ «እንዴት» ብሎ ደግሞ ሳበ። እናቴ ስልኩን ቀማችኝ።

«ምን ሆኖ ነው?» አልኳት በኋላ።

እናቴ ሽንኩርት እየላጠች ነበር። ቢላዋው ቆመ። «ብስክሌቱ ላይ ሆኖ ነው የደወለው። ዳገት ላይ ነበር።»

ወንዝ ዳር ዳገት ከየት መጣ ብዬ መጠየቅ ነበረብኝ። አልጠየቅኩም፤ ምክንያቱም በዚያው ቀን ቁጥሮቹ ጀመሩ።

ቁጥሮቹን የሚናገረው ተማም ነበር። ጠዋትና ማታ ይደውላል፤ እናቴ በሩ ጋ ጀርባዋን ሰጥታ ቆማ፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ትጠይቃለች።

«ማሽኑ ስንት አለ? ሰማንያ ዘጠኝ? ማታስ? እሺ፣ እሺ። ከፍ ሲል ንገረኝ።»

ማሽን ሲባል ወዲያው ገባኝ። ዛሂራ ብስክሌት መሪ ላይ የሚገጠም፣ ስንት ኪሎ ሜትር እንደሄድክ የሚቆጥር ነገር እንዳለ ነግራኛለች። አባቴ በቀን ሰማንያ ዘጠኝ ኪሎ ሜትር ይነዳል። ሰማንያ ስምንት የሆነ ቀን ሰንፏል፤ ዘጠና የሆነ ቀን ጎብዟል። መቼ እንደሚመጣ እናቴን ስጠይቃት «ቁጥሩ ከፍ ሲል» አለችኝ። ስለዚህ መቶ ሲሞላ ይመጣል ማለት ነው። ቁጥሮቹን በእርሳስ ካላንደሩ ላይ፣ ከመንገዱ ጎን፣ እንደ ጠጠር ደረደርኳቸው።

ማሽኑ ጣት ላይ የሚሰካ፣ የደም ኦክስጅን የሚለካ ነበር። አባቴ ኮሮና ይዞት ከሱቁ ጀርባ ባለች መጋዘን ውስጥ፣ የስኳርና የዱቄት ጆንያ መሀል ፍራሽ ዘርግቶ ተኝቶ ነበር። በየሆስፒታሉ አልጋ ሞልቶ ነበር። ተማም ሃያ ሰባት ዓመቱ ነበር፤ ከፊት ለፊት ዳቦ እየሸጠ፣ ከኋላ ሰው ያስታምማል። መታመሙን ከተማምና ከእናቴ በቀር ማንም አያውቅም። ሜይፌር ውስጥ የተነገረ ነገር በሰዓት ውስጥ አዲስ አበባ ይደርሳል፤ አዲስ አበባ ደግሞ ልቧን የሚያማት የአባቴ እናት አለች።

አንድ ቀን ከሰዓት እትዬ ባህሪያ በሳህን ሳምቡሳ ይዘው የብረት በራችን ጋ መጡ። አልገቡም፤ በዚያ ጊዜ ማንም ማንም ጋ አይገባም። እኔ ከእናቴ ቀሚስ ኋላ ነበርኩ።

«የአለም፣ እኔ እህትሽ ነኝ። አትደብቂኝ።»

እናቴ ስትደነግጥ በቀሚሷ በኩል ተሰማኝ። «ምኑን?»

«ሰውዬሽን ነዋ። ሁሉንም ሰምቻለሁ።»

«ከማን ሰሙ?»

«ከሰው። ፈረንሳይ ገብቷል አሉ።»

እናቴ የበሩን ብረት ያዘች። ከዚያ በቀስታ፣ «አውሮፕላን ሁሉ ቆሟል እኮ እትዬ። በምን ሄደ?» አለች።

«እሱን ነው እኔም ያልገባኝ። በብስክሌት ነው ይላሉ። ወንዝ ወንዙን።»

«ወንዝ ወንዙን።»

«ጠበቃም ይዟል አሉ። የወንዝ ጠበቃ።»

እናቴ ፊቷን በሁለት እጇ ሸፈነች፤ ትከሻዋ ይንቀጠቀጥ ጀመር። እኔ የሳቀች መሰለኝ። እትዬ ባህሪያ ያለቀሰች መሰላቸው፤ «አይዞሽ፣ ሁሉም እንደዚሁ ነው» እያሉ በብረቱ መሀል ሳህኑን አሾለኩ። ማናችን ትክክል እንደነበርን እናቴን ጠይቄያት አላውቅም።

ፊቷን ስታነሳ ደርቋል። «አዎ እትዬ» አለች። «ፈረንሳይ ነው። ወረቀቱ ሲያልቅ ይወስደናል።»

እናቴ ራሷ አመነች። እናቴ ባሏ ጥሏት ሄደ ተብሎ ሰፈር እንዲያዝንላት የፈቀደችው እውነቱ አዲስ አበባ እንዳይደርስ ነው፤ ያን ቀን ግን የማየው ነገር ቢኖር ቤተ መንግሥቱንና ዛፎቹን ብቻ ነበር።

በማግስቱ ጠዋት ስልክ ላይ እንዲህ ስትል ሰማኋት፦ «ስማ ተማም። ከሰማንያ አምስት ከወረደ ማንንም አልጠይቅም። እመጣለሁ። ይያዙኝ።»

ከበሩ ኋላ ቦርሳ አገኘሁ። ከፈትኩት። የእናቴ ሹራብ፣ የእናቴ ጫማ፣ የአባቴ ወፍራም ካልሲ፣ ጸበል በፕላስቲክ ጠርሙስ። የእኔ ምንም የለም። ከቦርሳው ጎን የገበያ ፌስታል አለ፤ የእኔ ፒጃማ፣ የእኔ የጥርስ ብሩሽ፣ የእኔ መጽሐፍ። ፌስታሉ ላይ በእናቴ ጽሑፍ «ለባህሪያ» ይላል።

ገባኝ። ቁጥሩ ከወረደ እናቴ ያለ እኔ ፈረንሳይ ትሄዳለች። እኔ እትዬ ባህሪያ ቤት ቀርቼ፣ ዛሂራ ሁሉን እንደምታውቅ ስሰማ እውላለሁ።

የእናቴ የመኖሪያ ፐርሚት ጊዜው ካለፈ አራት ወር ሆኖታል። መንገዱ ላይ ፖሊስና ወታደር ቆሟል። ብትያዝ መቼ እንደምትመለስ አታውቅም፤ ባትሄድ ደግሞ አባቴን በሕይወት ታገኘው እንደሆነ አታውቅም። ይህን ሁሉ በአንድ ቦርሳና በአንድ ፌስታል ከፋፍላ ከበር ኋላ አስቀምጣ፣ እኔን የማባዛት ሠንጠረዥ ታስጠናኝ ነበር። ስምንት ጊዜ ስምንት ስትለኝ እንኳ ድምፅዋ አልተለወጠም።

ሐሙስ ቀን ነበር። ፀሐይ ስለወጣች እናቴ ጓሮ ልብስ ልታሰጣ ሄደች። ስልኩ ቻርጅ ላይ ነበር። ጠራ። ስልክ ማንሳት ክልክል ነው። አነሳሁ።

«የአለም፣» አለ ተማም።

«ረድኤት ነኝ። ልብስ እያሰጣች ነው። ቁጥሩን ለእኔ ንገረኝ ጋሽ ተማም።»

«ጥሪያት የኔ እናት።»

«እጇ ሳሙና ነው። እኔ ነኝ የምጽፈው።»

ተማም ድምፁ ደክሞት ነበር። «ሰማንያ አንድ በያት። ቶሎ በያት።»

ከሰማንያ አምስት ወርዷል። ቦርሳውን አየሁት። ፌስታሉን አየሁት።

«ለምን ቀነሰ?» አልኩ ተቆጥቼ።

«ደክሞታል። በጣም ደክሞታል ረድዬ።»

«እንዴት ነው የሆነው? ቀና ብሎ ነው?»

«ምን?»

«ቀና ብሎ ነው ወይስ አጎንብሶ?»

«በጀርባው ነው፤ በትራስ ቀና አድርጌዋለሁ።»

ካላንደሩን ተመለከትኩ። ሰውዬው ቀና ብሎ ተቀምጦ ከኋላ ቀርቷል። ሴትዮዋ አጎንብሳ ትቀድመዋለች። ለዚህ ነዋ።

«ተሳስታችኋል» አልኩት። «ማጎንበስ አለበት። ደረቱን ወደ ታች። እሷ እንደዛ ነው ያለችው።» ያልኩት እንደዛ ሆና ነው ያለችው ለማለት ነበር።

ተማም አማርኛን የተማረው ሱቅ ውስጥ ነው፤ ሲጠራጠር ቃል በቃል ይጠይቃል። «እሷ ማን ናት?»

«ሴትዮዋ ናታ። ከፊት ያለችው።»

«የትኛዋ ሴትዮ?»

«ራሷ ላይ የሚጠለቅ ነገር ያላት። ትልቅ መነጽርም አድርጋለች።»

«ፊቷን የሚሸፍን?»

«አዎ፣ ግማሹን ይሸፍናታል።»

ተማም ትንፋሹን ለቀቀ። «ዶክተር አግኝታችኋል በይኛ! እንደዚህ አትይም? በሆዱ ይሁን ነው ያለችው?»

ዶክተር መሆኗን ባላውቅም አልካድኩም። «ደረቱ ወደ ታች።»

«ለስንት ጊዜ?»

«መቶ እስኪሞላ» አልኩት።

ስልኩን ወደ ቦታው መለስኩ። እናቴ ባዶውን ባልዲ ይዛ ገባች፤ የልብስ መቆንጠጫ ቀሚሷ ጫፍ ላይ ተደርድሯል።

«ስልክ ጠርቷል?»

«ጋሽ ተማም ነው።»

ባልዲው ከእጇ አልወረደም። «ምን አለ?»

«ዘጠና አንድ።»

«ዘጠና ስንት?»

«አንድ።»

እናቴ ባልዲውን ገልብጣ ተቀመጠችበት። ጭንቅላቷን ግድግዳው ላይ፣ ከካላንደሩ ሥር አስደገፈች። ከዚያ በፀሐይ፣ በቀትር፣ ባልዲ ላይ ተቀምጣ እንቅልፍ ወሰዳት። አፏ ትንሽ ተከፍቶ ነበር። ለአሥር ቀን እንዳልተኛች አላውቅም ነበር። የማውቀው ፈረንሳይ እንዳልሄደች ነው፤ ስለዚህ በቀስታ ፒጃማዬን ከፌስታሉ አውጥቼ ወደ ሳጥኔ መለስኩ።

አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ራሷ ደወለች። ተማም እየጮኸ ስለሚያወራ ስፒከር አያስፈልገውም።

«ዘጠና አንድ!» አለ። «የአለም፣ ዘጠና አንድ ገባ። ዶክተሯ ያለችው ሠራ።»

«የቷ ዶክተር?»

«ፊቷን የምትሸፍነዋ። በደረቱ ካስተኛሁት ጀምሮ ወጣ። ከሰማንያ አንድ እኮ ነው።»

እናቴ ቀስ ብላ ዞረችና አየችኝ። እኔ የማባዛት ሠንጠረዤን አየሁ።

«ተማም፣ ቆይ» አለችና ስልኩን ደረቷ ላይ ያዘች። «ምን አልሽው?»

ወደ ካላንደሩ ጠቆምኩ። «እንደሷ እንዲያጎነብስ።»

እናቴ ሄዳ ሥዕሉ ፊት ቆመች። ሴትዮዋን፣ ሰውዬውን፣ በእርሳስ የደረደርኳቸውን ቁጥሮች አንድ በአንድ አየች። ሰማንያ ዘጠኝ። ሰማንያ ስምንት። ዘጠና። ሰማንያ ሰባት። ጣቷ እያንዳንዱ ላይ ትንሽ ቆየ። ልትመታኝ ነው ብዬ ጆሮዬን ሸፈንኩ። እናቴ ጠማማውን ካላንደር አቃናችና ስልኩን አነሳች።

«ተማም፣ ዶክተሯ እንደዚያው ይቀጥል ብላለች።»

በዚያ ዘመን ሆስፒታሎችም በሽተኛን በደረቱ ያስተኙ እንደነበር ኋላ አንብቤአለሁ። አባቴ «ያዳነኝ ከዋዜማው የጀመርኩት ክኒን ነው» ይላል። ክኒኑም ሊሆን ይችላል። ይህን ታሪክ ሙሉውን የሰማሁት በሠርጌ ቀን፣ ተማም ማይክ ተቀብሎ ስለ ሄልሜቷ ዶክተር ሲያወራ ነው። ሰው ሁሉ ሳቀ፤ ሙሽራዬ ሀይለየሱስ ከጎኔ እንባው እስኪወርድ ሳቀ። ቁጥሮቹ ምን እንደነበሩ ያን ቀን አወቅኩ።

ምን ያህል እንደሚከብዱ ያወቅኩት ግን ከዚያ በኋላ ነው። አልጋ አጠገብ ተቀምጬ፣ ያቺኑ ትንሽ ማሽን በባለቤቴ ጣት ላይ አየሁ። ሰማንያ አንድ ትል ነበር። ወደ በሩ ዞርኩ። ዘጠና አንድ ብሎ የሚዋሸኝ ሰው አልነበረም።

አባቴ መንገድ ሲከፈት፣ ነሐሴ ላይ፣ በታክሲ መጣ። ሱሪው ወገቡ ላይ በገመድ ታስሯል። እትዬ ባህሪያ በራቸው ላይ ቆመው ከላይ እስከ ታች አዩት።

«ፈረንሳይ ሰውን እንዲህ ታከሳለች እንዴ?» አሉ።

«ብስክሌቱ ነው እትዬ» አለ አባቴ፤ እናቴ በስልክ አስጠንታዋለች።

«ጠበቃውስ?»

«ሰጠመ።»

እኔ አኩርፌ ነበር። ከፈረንሳይ ያመጣልኝ አንድ ፓኬት ደረቅ ብስኩት ብቻ ነው፤ እሱም እዚሁ አገር የተሠራ መሆኑ ላዩ ላይ ተጽፏል። ደግሞም መቶ አልሞላም። ዘጠና ሰባት ላይ ነው ያቆመው። አባቴ አጠገቤ ቁጭ ብሎ፣ ትንፋሹ እስኪመለስ ጠብቆ፣ «ሦስቷን አንቺ ትጨርሻታለሽ» አለኝ።

ባለፈው ሰኔ ሄድኩ። ከሀይለየሱስ ጋር ልንሄድ ሁለት የኪራይ ብስክሌት አስይዘን ነበር፤ ከቀብሩ በኋላ አንዱን ሰረዝኩ።

መንገዱ ካላንደሩ ላይ እንዳለው ነው። ዛፎቹ ቀጥ ያሉ ናቸው። ወንዙ ሰፊና ቀስ ያለ፣ መሀሉ ላይ የአሸዋ ደሴት የሚያበቅል ወንዝ ነው። ለሰዓታት መኪና አልሰማሁም፤ የሰማሁት ጎማዬ ጠጠር ላይ ሲንከባለል፣ በቀትር የአንድ መንደር ደወል፣ አንዴም ዳክዬ። ፈረንሳይኛውን አልተረዳሁትም። ወንዙን ተከትለው ወደ ባሕር ሲወርዱ ነፋሱ ፊት ለፊት ነው የሚመጣው፤ ይህን ካላንደሩ አይናገርም። አንድ ሁለቴ ወደ ኋላ ዞሬ አየሁ። መንገዱ ጥሩ መንገድ ነው።

ከደወሉ በኋላ አባቴ ደወለ። ሰባዎቹን ሊይዝ ነው፤ አሁንም ሲያወራ በየመሀሉ ትንፋሽ ይስባል።

«ስንት ደረሰ?» አለኝ። በቤታችን ሰላምታ ማለት ይህ ነው።

መሪው ላይ ያለችውን ማሽን አየሁ። አርባ አንድ ትላለች። እግሬ ዝሏል፤ ዓይኔም ደህና አልነበረም። አባቴ ድምፄን ያውቀዋል።

«ዘጠና አንድ» አልኩት።

ወንዙ ለሁለታችንም እየተሰማ ቆየን።

«ነፋስ አለ?»

«አለ። ፊት ለፊት ነው።»

«እንግዲህ ጎንበስ በያ» አለኝ።

ስልኩን ኪሴ ከተትኩና ጎንበስ አልኩ።